የመኖ ጆንያ ላይ ቀን ይጻፍልን

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ እንቁላል መወደድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የበቆሎ ዋጋ፣ የዶላር እጥረት፣ ደላላው፣ ነዳጁ፣ ሁሉም ተነስቷል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። አርቢው በውድ ገዝቶ የሚያበላው መኖ ውስጡ ምን እንዳለው የጠየቀ የለም። ጆንያው ሾላ በድፍን ነው። ተሰፍቶ ይመጣል፣ ተሸክመን እናስገባለን፣ ፈትተን እንዘረግፋለን። ዶሮዋ ስትታመም ደግሞ በሽታውን ጎረቤት ሄደን እንፈልጋለን።

እኔ ቢሾፍቱ ውስጥ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት መደብር አለኝ። ከዚያ በፊት አርሲ ውስጥ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ቤት ሠርቻለሁ። "ዶክተር" የሚሉኝ ደንበኞች አሉ፤ አይደለሁም ብላቸውም አይሰሙኝም። ይህን የምጽፈው፣ መድኃኒት ሻጭ ሆኜ ሳለ፣ "ዝም ብላችሁ መድኃኒት አትግዙ" ለማለት ነው። ባለቤቴ ረቂቁን አይታ "የሱቁን ኪራይ አስበህበታል?" ብላኛለች። አስቤበታለሁ።

አንዲት እህት የጫማ ካርቶን ታቅፋ መጣች። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ሳምንት ገደማ የሆናቸው ሳሶ የሚባለው ዝርያ ጫጩቶች አሉ። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝታ፣ አርባ አምስት ቀን አሳድጋ፣ ለየቤቱ የምትሸጥ ናት። በእኛ ከተማ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ብዙ ሰው አለ።

"ጋሼ፣ ፈንግል ገብቶብኛል። ኦክሲ ይስጡኝ" አለችኝ።

አንዷን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አቆምኳት። አልቆመችም። በቁርጭምጭሚቷ ቁጢጥ አለች። የሁለቱም እግሮቿ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው እንደ ተጨበጠ እጅ ሆነዋል። ዓይኗ ግን ጥርት ያለ ነው። አታስነጥስም፣ አፏን ከፍታ አትተነፍስም። ክክ በቆሎ ጣል ሳደርግላት በክንፏ እየተደገፈች ሄዳ ለቀመች።

"እህቴ፣ ፈንግል የያዛት ጫጩት እንዲህ አትበላም" አልኳት።

"ታዲያ ምን ሆና ነው?"

"መኖውን ከየት ነው የምትገዢው?"

ጥያቄው አልጣማትም። መድኃኒት ልትገዛ መጥታ ስለ መኖ መጠየቅ ምን ይሉታል! ኋላ ላይ ግን ነገሩ ወጣ። በዚህ ዙር ረከስ ያለ መኖ አግኝታ ነበር። ጆንያው የስኳር ጆንያ ነው። ምንም አልተጻፈበትም።

የጫጩቶቹ በሽታ የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ነበር። ሪቦፍላቪን የሚባለው ነው። ሲያንስ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ያብጣል፣ ጣቶች ይታጠፋሉ። ቶሎ ከተደረሰበት በመጠጥ ውኃ በሚሰጥ ቫይታሚን ይስተካከላል። ከቆየ ግን ነርቩ ይጎዳና ጣቱ እንደታጠፈ ይቀራል። የእሷም እንደዚሁ ሆነ። መኖውን ቀየረች፣ ቫይታሚኑን ሰጠች፣ አብዛኞቹ ተነሱ። ቀድመው የታመሙት ግን ጣታቸው አልተዘረጋም፤ ማን ይገዛቸዋል?

ኦክሲ የምትለው ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ነው፤ ለዚህ በሽታ ምንም አይፈይድም። ለፈንግልም ቢሆን አይፈይድም። ፈንግል የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ መከላከያው ክትባት ነው። አንቲባዮቲክ ግን በየቤቱ እንደ ጸበል ነው የሚረጨው። መድኃኒቱን የወሰደች ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ደግሞ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ መበላት የለበትም። ያንን እንቁላል የሚጥል አርቢ አላየሁም። ገበያ ይወጣል። እናንተም እኔም እንበላዋለን።

አንገት የጠመዘዘች ዶሮ ሁሉ ፈንግል አለባት ማለትም አይደለም። ይህን ረጋ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቫይታሚን ኢ ያጠራት ጫጩት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል፣ ትንገዳገዳለች፣ ትወድቃለች፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትጥላለች ወይም በእግሮቿ መሐል ትቀብራለች። ትንሹ አንጎል ነው የሚጎዳው። መነሻው ብዙ ጊዜ የከረመ መኖ ነው። በኑግ ፋጉሎውና በሌላው የቅባት እህል ተረፈ ምርት ውስጥ ያለው ዘይት ሲበላሽ ቫይታሚን ኢውን ይዞት ይሄዳል። ጆንያውን ስትፈቱ የቆየ ዘይት ሽታ ከመጣ አትጠራጠሩ። ለአፍንጫ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም።

ቫይታሚን ቢ1 ያጠራት ደግሞ ጭራዋ ላይ ተቀምጣ ሰማይ ሰማይ ታያለች። እዚህ ላይ የእኛ የመድኃኒት ሻጮች እጅ አለበት። ለደም ተቅማጥ፣ ማለትም ለኮክሲዲዮሲስ፣ አምፕሮሊየም እንሸጣለን። ጥሩ መድኃኒት ነው። የሚሠራው ግን ቢ1ን መስሎ ገብቶ ተውሳኩን ቢ1 በማሳጣት ነው። አርቢው "ትንሽ ጨመር ላድርግለት፣ ቶሎ ይዳን" ብሎ መጠኑን ሲያበዛው ወይም ከተባለው ቀን አልፎ ሲሰጠው ጫጩቷም ቢ1 ታጣለች። በመድኃኒት የታመመች ጫጩት ሌላ መድኃኒት ይገዛላታል። ቢ1 የሰጣችኋት እንደሆነ ግን ጠዋት የወደቀችው ማታ ቆማ ልታገኟት ትችላላችሁ። ከቫይታሚኖቹ ሁሉ ቶሎ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

ፈንግል የሚለየው በፍጥነቱና በአገዳደሉ ነው። ትንሽ ትልቅ አይመርጥም። አረንጓዴ ተቅማጥ አለው፣ ማቃሰትና በአፍ መተንፈስ አለው፣ ዛሬ አንድ ከሞተ ነገ ብዙ ነው። ከጎረቤት ይመጣል፣ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የቫይታሚን እጥረት ከጎረቤት አይመጣም፤ ከጆንያው ነው የሚመጣው። ቀስ ብሎ ይገባል፣ ከአንድ መኖ የሚበሉትን ይይዛል፣ ብዙዎቹ እየታመሙም መብላት ይፈልጋሉ። ይህ ማለት ግን በዓይን አይቶ መፍረድ ይቻላል ማለት አይደለም። ከተጠራጠራችሁ የታመሙትን ለዩ፣ የሞተችውን ሳይበሰብስ ለባለሙያ አሳዩ። እኛ ቢሾፍቱዎች ደግሞ ሰበብ የለንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እዚሁ ነው። የአገሪቱን የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ተቋምም እዚሁ ነው። ክትባቱ ከደጃችን እየወጣ ሳያስከትብ የሚቀር አርቢ መኖሩ ሌላ ደብዳቤ ያስጽፋል።

ቫይታሚን የሚባለው ነገር ራሱ የታወቀው በዶሮ ነው። ይህን ታሪክ ለደንበኞቼ መንገር ደስ ይለኛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክርስቲያን አይክማን የሚባል የኔዘርላንድስ ሐኪም ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ከተማ ይሠራ ነበር። ለምርምር የሚያረባቸው ዶሮዎች እግራቸው ይዝል፣ ይወድቁ ጀመር። ተላላፊ በሽታ ነው ብሎ ጀርም ሲፈልግ ከረመ። ለካስ ዶሮዎቹ የሚበሉት ከወታደሮች ሆስፒታል ወጥ ቤት የተረፈ፣ ገለባው ተፈትጎ የወጣ ነጭ ሩዝ ነበር። ወጥ ሠሪው ተቀየረና አዲሱ "የወታደር ሩዝ ለዶሮ አልሰጥም" አለ። ዶሮዎቹ ወደ ተራው ያልተፈተገ ሩዝ ተመለሱ። ዳኑ። የጠፋው ነገር በኋላ ቢ1 የተባለው ሆኖ ተገኘ፣ አይክማንም እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ቫይታሚን ኬም እንደዚሁ ነው። ሄንሪክ ዳም የተባለ የዴንማርክ ሳይንቲስት ጫጩቶችን ቅባት የሌለው መኖ ሲመግብ ደማቸው አልረጋ እያለ ሲፈስ አይቶ ነው የደረሰበት። ዶሮ ለዓለም ይህን ያህል አስተምራለች። እኛ ግን እግሯ ሲዝል ዛሬም ጀርም እንፈልጋለን።

"ድሮ እናቶቻችን ምን ቫይታሚን ነበራቸው?" የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሐበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ስትጭር ትውላለች። ትል ትበላለች፣ ሣር ትነጫለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች። የምትጥለውም በዓመት 40 ወይም 60 እንቁላል ነው። የዛሬዎቹ ቦቫንስና ሎማን ግን በዓመት 300 የሚጠጋ እንቁላል ይጥላሉ። እያንዳንዱ እንቁላል ከእናቲቱ ሰውነት ቫይታሚን ይዞ ይወጣል። እሷ ደግሞ ከቤት አትወጣም። ትሉም፣ ሣሩም፣ ፀሐዩም ጆንያ ውስጥ ተከተው መምጣት አለባቸው። ካልመጡ የሉም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ብዙ ጫጩት በየቤቱ አስገብቷል። እሰየው ነው። ዶሮ አርብቶ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጡረተኛ፣ ተማሪ ሁሉ አርቢ ሆኗል። ታዲያ ጫጩት ሲታደል ክትባትና መኖ ይነገራል እንጂ መኖው ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት የሚናገር ጥቂት ነው። አዲሱ አርቢ በቆሎና ፍሩሽካ ቀላቅሎ ሰጥቶ "ጠግበዋል" ይላል። ይጠግባሉ። ችግሩ መጥገብ አይደለም።

በቆሏችን አብዛኛው ነጭ ነው፣ እኛም ለእንጀራውም ለቂጣውም ነጩን እንመርጣለን። ነጭ በቆሎ ግን ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቢጫ ቀለም የለውም። አረንጓዴ ካልተጨመረ፣ ፕሪሚክስ የሚባለው የቫይታሚንና የማዕድን ቅመም ከሌለ፣ ቫይታሚን ኤ ከየት ይመጣል? እንቁላል ጣይ ዶሮ ጉበቷ ውስጥ ያጠራቀመችው ስላለ ለወራት ሳይታወቅባት ትቆያለች። ከዚያ እንቁላሉ ይቀንሳል፣ ዓይኗ ያብጣል፣ እንደ አይብ ያለ ነገር ይሞላዋል። አንድ አርቢ ጉንፋን ነው ብሎ ዓይኗ የተጣበቀ ዶሮ ሞታ አምጥቶልኝ ጉሮሮዋን ከፍቼ አሳይቼዋለሁ። ግድግዳው ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተደርድረውበታል። ጉንፋን እንዲህ አያደርግም። በነገራችን ላይ አስኳሉ ደመቀ ማለት ቫይታሚን ኤ ሞልቷል ማለት አይደለም። ማቅለሚያው ሌላ፣ ቫይታሚኑ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ሸማች ግን ቀለሙን ነው የሚከፍለው።

የቫይታሚን ዲ3ን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል፣ ጫን ስትሉት የሚታጠፍ ምንቃር፣ የተንጋደደ እግር ካያችሁ ካልሲየም ብቻ አትጨምሩ። ዲ3 ከሌለ ኖራው ገብቶ በኩስ ይወጣል። ፀሐይ ይረዳል፤ በመስታወት አልፎ የሚገባ ፀሐይ ግን አይረዳም፣ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። በር ክፈቱላቸው።

አሁን ወደ ጆንያው ልመለስ። ፕሪሚክስ የሚባለው ቅመም በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ለአንድ ኩንታል መኖ እንደ ዓይነቱ ከ250 እስከ 500 ግራም ያህል ይበቃል። ትንሽ ነው፣ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ወጪ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። በዐቢይ ጾም እንቁላል ሲረክስ አርቢው ርካሽ መኖ ይፈልጋል፣ ቀላቃዩም ርካሽ ያዘጋጃል። ሁለቱም ያጠፉ አይመስላቸውም። ለፋሲካ ዋጋው ሲመለስ ዶሮዋ አትመለስም።

ቅመሙ ቢገባም አገባቡ አለ። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቆሎውን ቆልለው፣ ቅመሙን ከላይ በትነው፣ በአካፋ ሁለቴ ገልበጥ ገልበጥ የሚያደርጉ አይቻለሁ። አንዱ ጆንያ ብዙ ይደርሰዋል፣ ሌላው ምንም። ቅመሙ መጀመሪያ ከጥቂት የተፈጨ በቆሎ ጋር በደንብ መታሸት አለበት፣ ከዚያ ነው ወደ ብዙው የሚገባው። በርበሬ የሚያዘጋጁ እናቶች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ ቀን ይቆጥራል። ቫይታሚን በሙቀት፣ በእርጥበት፣ በብርሃን ይሞታል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለወራት የተከመረ መኖ፣ ሲመረት ጥሩ የነበረ ቢሆንም፣ ሲበላ ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ካላወቅን እንዴት እንለይ?

የእኔንም ሰፈር ልንገራችሁ። ትልቁን የመልቲቫይታሚን ከረጢት ከፍተው በማንኪያ እየሰፈሩ በነጭ ፌስታል የሚሸጡ ባልደረቦች አሉ። ሰው አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ግን የተከፈተ ከረጢት መደርደሪያ ላይ ፀሐይ እየመታው ይከርማል። ቢ2 ብርሃን አይችልም። ፌስታሉ ላይ ስም የለ፣ መጠን የለ፣ ቀን የለ። እኔ እንዲህ አልሸጥም። "አንተ ብቻ ነህ የምታስቸግር" ይሉኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ የመኖ ጆንያ ላይ የተቀላቀለበት ቀን ይጻፍ። ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ፣ ፕሪሚክስ መግባቱና መጠኑ ይጻፍ። ጆንያ ፈትቶ በኪሎ የሚሸጠውም ወረቀቱን አብሮ ያሳይ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ቆይቷል። የሚቆጣጠር ባለሥልጣንም አለን። አዲስ ሕግ አውጡልን አላልንም። ያለው ሕግ እስከ ሰፈራችን መኖ መደብር ይምጣ ነው የምንለው።

አንድ መኖ ቀላቃይ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። "ዶላር የለ፣ ፕሪሚክስ የለ፣ ምን ልጻፍ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የጠፋበት ጊዜ አለ። ታዲያ "ፕሪሚክስ የለውም" ብሎ ይጻፍ! ዋጋውን ቀንሶ ይሽጥ። ያኔ አርቢው ያውቃል። አልፋልፋ ያጭዳል፣ የጎመን ቅጠል ይከትፋል፣ ቫይታሚኑን ለብቻ ገዝቶ በውኃ ይሰጣል፣ ዶሮዎቹን ፀሐይ ያወጣል። የደበቁትን ጉድለት ግን ማን ይሞላዋል?

ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ጫጩት ሲያድሉ ግማሽ ገጽ ወረቀት አብረው ቢሰጡ ይጠቅማል። ጣት ሲታጠፍ ምን፣ አንገት ሲዞር ምን፣ ቅርፊት ሲሳሳ ምን። በአማርኛም በኦሮምኛም። ሥዕል ይኑረው። የማያነብ አያቱን የሚያግዝ ልጅ ሥዕሉን ያያል።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ሐሳብ አለኝ። ስለ እንቁላል ዋጋ የጻፈውን ጋዜጠኛ አንድ ጠዋት ወደ ቢሾፍቱ ላኩት። የመኖ መደብሮቹን አብረን እንዞራለን። የተመረተበት ቀን ያለበት ጆንያ ስንት እንደሚያገኝ ራሱ ይቁጠርና ቁጥሩን ያውጣው። ከዚያ የሚመለከተው ባለሥልጣን መልስ እንዲሰጥ በዚሁ ገጽ ላይ ጠይቁልን። ምሳው በእኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የእንስሳት መድኃኒት መደብር ባለቤት፣ ከቢሾፍቱ
(ስሜና አድራሻዬ በፖስታው ላይ አለ፤ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ)